ምንም አለመሆኔን የሚመሰክር ጠፋ

ሰው ትልቅ ለመሆን ሲለፋ ሁላችሁም አይታችኋል። ትንሽ ለመሆን ሲለፋ ያያችሁ ግን ብዙ አትመስሉኝም። እኔ ሁለቱንም ስለቀመስኩ ልንገራችሁ፤ ሁለተኛው ይከብዳል። ትልቅ ልሁን ያለን ሰው ዘመዱ ከታች ሆኖ ይገፋዋል። ትንሽ ልሁን ሲል ግን ያው ዘመዱ ከላይ ሆኖ ብብቱን ይዞ አልለቅም ይለዋል። እኔን እንዴት አድርገው እንደያዙኝ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሚኒስትር መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። የሥራ መደቤ «የክቡርነታቸው ልዩ ጽሕፈት ቤት ምክትል አስተናባሪ» ይባላል። ስሙን ስትሰሙ ከመቀመጫችሁ እንዳትነሱ፤ ብዙ ሰው ተነስቶልኝ ኋላ ተጸጽቷል። ዋናው አስተናባሪ ምን እንደሚሠሩ ራሳቸውም በውል አያውቁትም ነበር፣ እኔ ደግሞ የእሳቸው ምክትል ነኝ። እኔ የማውቀው ክቡርነታቸው ከመኪና ሲወርዱ ቦርሳቸውን መቀበሌን፣ ፀሐይ ወይም ዝናብ ከመጣ ጃንጥላ መዘርጋቴን፣ ስብሰባ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ወንበራቸው ላይ ቀድሜ ተቀምጬ መሞከሬን ነው።

የወንበሩን ነገር ቀልድ እንዳታደርጉት። አንድ ጊዜ ክቡርነታቸው የውጭ አገር እንግዳ ሲቀበሉ ወንበሩ ከሥራቸው ሲጢጥ አለ። እንግዳው ድምፁ ከወንበሩ የመጣ ስላልመሰለው በጨዋ ደንብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ክቡርነታቸው በሰውየው ቋንቋ «ወንበሩ ነው» ማለት አልቻሉም፣ አስተርጓሚውም አልደፈረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው የሚቀመጡበት ወንበር ሁሉ አስቀድሞ በኔ መቀመጫ ማለፍ ነበረበት። ወደ ግራ እወዛወዛለሁ፣ ወደ ቀኝ እወዛወዛለሁ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ እላለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ እጅ ነሥቼ «ደህና ነው» እላለሁ። ሥልጣኔ ይህ ነበር።

አብዮቱ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት ወታደሮች መጥተው ክቡርነታቸውን ከመኪናቸው ደጃፍ ወሰዷቸው። እኔ በግራ እጄ ቦርሳ፣ በቀኝ እጄ ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዱ ወታደር ቦርሳውን ተቀበለኝ፣ ጃንጥላውንም ተቀበለኝ፣ ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አንተ ሂድ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ከዚያ ወዲያ በሬዲዮ የሚፈለጉ ሹማምንት ስም በተነበበ ቁጥር ትራንዚስተሬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተጠሩ። ዋናው አስተናባሪ ተጠሩ። የክቡርነታቸው ሾፌር ሳይቀር ተጠራ። እኔ ግን የለሁም። ተመስገን ብዬ ስለት አስገባሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ቅርም ብሎኛል።

ብዙም ሳይቆይ የሥራ መደቤ ታጠፈ። ሌላ ሥራ ፍለጋ ስወጣ «ምን ትችላለህ?» ይሉኛል። ለሰው ምን ልበል? አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገብቼ ወንበሮቹ ላይ አንድ በአንድ እየተቀመጥኩ ጉድለታቸውን ብነግረው አናጢው ጥቂት ታገሠኝና «ወንድሜ፣ ትገዛለህ ወይስ ትነሳለህ?» አለኝ። ተነሳሁ። እንደተነሳሁም የቆምኩት አገሬ መካነ ሰላም ገብቼ ነው።

ከደሴ የተሳፈርኩት የእህል መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከተማው ስንደርስ ድፍን አቧራ ለብሻለሁ። የለበስኩት ሱሪ ክቡርነታቸው ሲወፍሩ የጣሉት፣ እኔ ደግሞ ከስቼ የምይዘው ሱሪ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ሸሚዝና አንድ ከረባት ብቻ አሉ። የእናቴ ወንድም አያ ደምሴ ግን ከሩቅ አይተውኝ ዱላቸውን ወደ ላይ አንስተው ሕዝቡን አስጠጉ።

«ሻንጣውን አንድ ሰው እንዳይነካው። አራት ሆናችሁ ያዙ» አሉ።

«አያ፣ ባዶ ነው እኮ» አልኳቸው በጆሯቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ» አሉኝና ወደ ሰዉ ዞረው፣ «የመንግሥት ምሥጢር ነው፤ እሱ ደግሞ ይከብዳል» አሉ።

አራት ጎልማሶች ባዶ ሻንጣዬን፣ መድፍ ወደ መቅደላ እንደሚጎትት ሰው እያለከለኩ፣ ወደ እህቴ ቤት ይዘውት ወጡ። አንዱ መንገድ ላይ አርፎ ላቡን ሲጠርግ በዓይኔ አይቻለሁ። እስካሁን የማይገባኝ ምን እንዳላበው ነው።

አያ ደምሴን ማወቅ አለባችሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ አዲስ አበባ የላኩኝም እሳቸው። ደግ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ገበያውን ከዳር ዳር የሚሞላ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው፣ የመሰብሰቢያውን አዳራሽ በበሩ ቀዳዳ ሲመለከቱ በክቡርነታቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ስወዛወዝ አዩኝ። በቃ። የሆነውን ሁሉ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጨዋ ሰው ሹመቱን አያወራም» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ወዲያ መካነ ሰላም ላይ የእሳቸውን ድንበር የሚገፋ፣ ከብት ማሳቸው ላይ የሚለቅ ሰው ጠፋ። «የእህቴ ልጅ በሚኒስትሩ ወንበር ይቀመጣል» ካሉ ክርክሩ አለቀ። ሰውየው እውነት ተናግረዋል፤ መከራዬም እሱ ነው፤ በሐሰት ልከሳቸው አልችልም።

ያረፍኩት ታላቅ እህቴ የሻረግ ዘንድ ነው። ባሏ ድርቁ በጸናበት ጊዜ ሥራ ፍለጋ ብሎ ቆላ እንደወረደ በዚያው ቀርቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ድርቁ ካለፈ ገና ቅርብ ነው። በጎተራዋ ያለው ገብስ ለልጆቹም አይበቃ፣ እኔ ደግሞ ሙሉ ሰው ሆኜ ተጨመርኩበት። ማዕድ ሲቀርብ «እነሱ ይብሉ» ስል «አንተ የለመድከው ሌላ ስለሆነ ነው» ትለኝና ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እኔ የለመድኩት ምን እንደሆነ አምላክ ያውቃል። እያንዳንዱ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

ታዲያ በዚያው ወራት የመሬት አዋጅ ታወጀ። መሬት ላራሹ ሆነ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከአዲስ አበባ ዘማች ተማሪዎች መጡ። ጭቁን የሆነ ሰው ሁሉ ተመዝግቦ መሬት ይመራል ተባለ። በጨለማ የቆየሁ ሰው መስኮት የተከፈተልኝ ያህል ደስ አለኝ። ክረምቱ ሳይገባ ቁራሽ መሬት ባገኝ፣ ገብስ ብዘራ፣ ለእህቴ የበላሁባትን ባልተካ እንኳ ከእንግዲህ አልበላባትም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት የነበረ ሰው መጀመሪያ ይመረመራል። ጭቁን ከተባለ መሬት ያገኛል። የአድኃሪው ሥርዓት ሹም ነበር ከተባለ ግን መሬት ቀርቶ፣ እጁን ታስሮ ወደ ደሴ ይሸኛል። ከደሴ ወዲያ ያለውን የሚያወራ ሰው አልተመለሰም።

«ምስክር አምጣ» አሉኝ ተማሪዎቹ። «ሥልጣን እንዳልነበረህ የሚመሰክር።»

ይህ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር።

መጀመሪያ እጄን ላሻክር ተነሳሁ፤ ተማሪዎቹ መዳፍ አገላብጠው እንደሚያዩ ሰምቻለሁና። የጎረቤት መጥረቢያ ተውሼ ግንድ ስፈልጥ ዋልኩ። ያገኘሁት ውኃ የቋጠረ ቁስል ነው። እህቴ ቅቤ ቀብታ በነጭ ጨርቅ ብትጠቀልልልኝ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ «ጓንት ለብሰዋል፤ ለካ ገና አልተሻሩም» ተባባለ። ከዚያ ደግሞ ልብስ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ቡትቶ ለብሼ ልቀርብ አስቤ ከአንድ እረኛ የተቀደደ ጋቢ በከረባቴ ለወጥኩ። የሻረግ ጋቢውን ከላዬ ላይ ገፍፋ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

«ወንድሜ በሸንጎ እንዲህ ለብሶ? እኔ ሞቻለሁ?» አለች።

«እታለም፣ ደኸየ እንዲሉኝ እኮ ነው የምፈልገው።»

«ይበሉህ፣ ግን ንጹሕ ሆነህ ይበሉህ።»

ከአያ ደምሴ ቤት አዲስ ኩታ ተውሳ መጣች። በምርመራዬ ቀን ከቤት ስወጣ የሠርግ ሽማግሌ መስዬ ነበር። አላፊ አግዳሚው ቆሞ እጅ ነሣኝ፤ እኔም በልማድ ጎንበስ ብዬ መለስኩ፤ ያ ደግሞ «ትሕትናቸው አይጣል» ተብሎ ተወራ። በነገራችን ላይ ያ እረኛ ከረባቴን ለበሬው አስሮለት በገበያው መሐል አልፏል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ሸንጎው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ከፊት አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ሊቀመንበሯ። ፀጉሯን ያጎፈረች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ ናት። ዕድሜዋ የእህቴን የመጀመሪያ ልጅ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቁጣዋ ግን የክቡርነታቸውን ያህል ነበር።

«የሥራ መደብህ ምን ነበር?» አለች።

ነገርኳት። ስሙ ራሱ ሲነገር ሕዝቡ «ኧኸ» አለ።

«ምንድነው የምትሠራው?»

«ቦርሳ እይዛለሁ።»

«የገንዘብ ቦርሳ?»

«እንጃ። ከፍቼው አላውቅም።»

ሳቅ የለም። ምስክሮች ይቅረቡ ተባለ። አያ ደምሴ ኩታቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። እግዜር ይመስክርልኝ፣ ዋዜማውን ሙሉ ለምኛቸው ነበር። «አያ፣ ነፍሴ በእርስዎ አፍ ላይ ናት፤ ምንም አልነበረም ይበሉ» ብያቸው፣ «በእናትህ አጥንት፣ የሚጎዳህን ቃል አልናገርም» ብለውኛል። ቃላቸውንም ጠበቁ። ያ ነው ጉዱ። «ምንም አልነበረም» ማለት በእሳቸው ዘንድ የእህታቸውን ልጅ በሕዝብ ፊት ማዋረድ ነው፤ የሚጎዳኝ ቃል እሱ ነው።

«ይህ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ለቀው፣ «ያለ እሱ ሚኒስትሩ ወንበር ላይ አይቀመጡም ነበር። መጀመሪያ እሱ ይቀመጣል። ከዚያ እሱ ሲፈቅድ እሳቸው ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ።»

ሊቀመንበሯ ወደኔ ዞረች። «በሚኒስትሩ ወንበር ተቀምጠህ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ ነገር ግን…»

«ሲቀመጡ የምትፈቅደው አንተ ነበርክ?»

«‹ደህና ነው› እል ነበር። ወንበሩ ሲጢጥ እንዳይል ነው።»

እንደዘበትኩባት ቆጥራ ከንፈሯን ነከሰች። በዚህ መሐል የግራ ጎረቤታችን ተነሥቶ፣ የጠፋች በቅሎው የተገኘችው እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ትእዛዝ በመስጠቴ እንደሆነ መሰከረልኝ። በቅሎዋ የተገኘችው ተርባ በራሷ እግር ስትመለስ ነው። አያ ደምሴ ግን ያኔ «ነግሬዋለሁ፣ አብሽር» ብለውት ነበርና ውለታው እስከዛሬ ልቡ ውስጥ አለ። እያለቀሰ መሰከረ። እንዲህ ያለ ምስክርን በምን አፍ ውሸታም ትለዋለህ?

እህቴ ደግሞ ፎቶግራፍ ይዛ ቀረበች። ፎቶግራፉን አውቀዋለሁ፤ ክቡርነታቸው ድልድይ ሲመርቁ እኔ ከኋላቸው ጃንጥላ ይዤ የተነሳሁት ነው። እሱ ያድነኛል ብዬ ተነፈስኩ፤ ሎሌነቴ በግልጽ ይታያልና። ለካ የሻረግ ክቡርነታቸው መታሰራቸውን የሰማች ዕለት በፍርሃት እሳቸውን በመቀስ ቆርጣ አውጥታቸዋለች። የቀረሁት እኔ ነኝ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ጥልፍ ዘርፍ ያለው ትልቅ ጃንጥላ ከላዬ ተዘርግቶ፣ ባንዲራ ከኋላዬ፣ ብቻዬን ቆሜያለሁ። ሊቀመንበሯ ፎቶግራፉን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ድልድዩን የመረቅከው አንተ ነህ?»

«ከእኔ ፊት ሌላ ሰው ነበር። እህቴ ቆርጣቸው ነው።»

«ለምን ቆረጥሽው?» አለች የሻረግን።

«ወንድሜን ስለከለሉብኝ ነው» አለች የሻረግ። ፈርታ ነው፤ ግን በዓለም ላይ ካሉ መልሶች ሁሉ የከፋውን መረጠች።

ያን ጊዜ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። «እሺ፣ ሥራዬን ላሳያችሁ» አልኩ። «ወንበርሽን አንድ ጊዜ ስጪኝ።» ሊቀመንበሯ ነገሩ ስለገረማት ተነሳች። ተቀመጥኩ። ወደ ግራ ተወዛወዝኩ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዝኩ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ አልኩ። ብዙ ዘመን የሠራሁበት ሙያ ስለሆነ ወዲያው ተሰማኝ። ተነስቼ ጎንበስ አልኩና፣ «የኋላ ቀኝ እግሩ ላልቷል፣ ባይቀመጡበት ይሻላል» አልኳት። «አሁን ሥራዬ ገባችሁ?»

«ወንበሬ ላይ ተቀምጠህ አትቀመጪ ትለኛለህ?» አለችና በንዴት ዘፍ ብላ ተቀመጠችበት። ወንበሩ በተነገረው መሠረት በኋላ ቀኝ እግሩ ሄደ። ሊቀመንበሯ ሣሩ ላይ ወደቀች፤ ጠረጴዛውም ተከተላት። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች በአንድ ድምፅ «አሻጥር ነው» አሉ። ሁለት የጥበቃ ጓድ ገበሬዎች ክንዴን ያዙኝ። አንዱ የሻንጣዬን አንድ ማዕዘን የተሸከመው ሰው ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ ብሎ ነው የያዘኝ። አያ ደምሴ ከሕዝቡ መሐል በኩራት ዞር ዞር እያሉ፣ «አያችሁ? እሱ ካልፈቀደ ማንም አይቀመጥም ብያችሁ አልነበረም?» ይላሉ።

ሳቄም እንባዬም መጣ። ወደ ደሴ የምሄድበት መንገድ በዓይኔ ታየኝ። የሻረግ ልጆች ከእናታቸው ሥር ቁጭ ብለው ያዩኛል፤ ለእነሱ የምዘራው ገብስ ከመዘራቱ በፊት አለቀ።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ ኋላ አንድ ዱላ ወደ ላይ ተነሳ። ሼህ እንድሪስ ናቸው። ወደ ዓባይ ወረድ ብሎ ባለው መንደራቸው ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ከተናገሩ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚያምናቸው ሽማግሌ። እሳቸው የሚያውቁትን ነገር ለማንም፣ ለአያ ደምሴም ለእህቴም፣ ነግሬው አላውቅም።

«ቢስሚላህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ይህን ልጅ ሹም ነው ብዬ ሄጄበት ነበር። በዚያ በክፉው ቀን የመንደሩ ጀማ ሦስታችንን መርጦ፣ ሂዱና ሰው እያለቀ ነው ብላችሁ ለመንግሥት ንገሩ አለን። ማንን እንጠይቅ ስንል ደምሴ፣ የእህቴ ልጅ አለ አለን። አዲስ አበባ ገባን። መሥሪያ ቤቱ ደጅ ስሙን ስንጠራ ዘበኛው ሳቀ። ልጁ ወርዶ መጣ። ደረጃው ላይ ከእኛ ጋር ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ሰማ። ከዚያ ዓይኑ ቀልቶ ተነሣና ኑ አለን።»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ላይ ወጣን። ትልቁ ጸሐፊ፣ ሚኒስትሩ ውስጥ ከልብስ ሰፊ ጋር ናቸው፣ ነገ ኑ አሉ። ይህ ልጅ፣ ለእነዚህ ሰዎች ነገ የለም አላቸው። በሩን በትከሻው ገፋው። ዘበኞች መጡ። ወላሂ፣ መጀመሪያ የወረወሩት እሱን ነው። ከላይ እስከ ታች በደረጃው ተንከባለለ፤ አንድ ጫማው ላይ ቀረ። እኛን እንኳ ሽማግሌ ናቸው ብለው ቀስ ብለው ነው የገፉን። በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ፣ በከተማው መሐል አብሮን ሄዶ ዳቦ ገዝቶ ሰጠን። አልቅሶ ይቅር በሉኝ አለን።» ሼሁ ወደ ሊቀመንበሯ ዞሩ። «ልጄ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከዚህ ልጅ ያነሰ ሰው አላየሁም። ዘበኛው ይበልጠዋል። በር መክፈት እንኳ አይችልም። ከሄድነው ከሦስታችን ዛሬ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ሌላ ምስክር የለኝም። አላህ ግን ያውቃል።»

ተቀመጡ። ሊቀመንበሯ ሱሪዋ ላይ ያለውን ሣር ማራገፍ ትታ አየችኝ፤ ከዚያ አቀርቅራ፣ በትንሽ ድምፅ፣ «ጭቁን ነው፤ መዝግቡት» አለች።

ዳንኩ። ደስ ብሎኝ መዝለል ነበረብኝ። ግን የዚያ በር ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ቢከፈት ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በወቅቱ ያላባረሩኝ ወንበር የሚሞክር ሌላ ሰው ስላላገኙ ነው፤ ለአንድ ወር ብቻ ጃንጥላ እንዳልይዝ ተቀጣሁ። እኔ ይህን ውርደት ቀብሬው ነበር። ሼሁ በሕዝብ ፊት ቆፍረው አወጡት፣ እሱም አዳነኝ። ቀና ስል አያ ደምሴ ከሕዝቡ መሐል ወጥተው፣ ዱላቸውን እየጎተቱ፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታምኑኝም። ሹመቴ ሞተ ተብሎ አገሩ ለቅሶ መጣ። በማግሥቱ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው የእህቴን ቤት ሞሉት። «እግዜር ያጥናህ» ይሉኛል፤ «ያጥናችሁ» እላለሁ፤ ምን ልበል። ባለ በቅሎው ጥግ ይዞ፣ «እኔ አሁንም እሱ ነው ያስመለሰልኝ እላለሁ» እያለ እንባውን ይጠርጋል። አንዲት ሴትዮ «እንዲያው ሳይታመም ድንገት?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት። የሻረግም መልስ ሰጠቻት፦ «ለካ ከመጀመሪያውም አልነበረም።» ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ባሰባት።

አያ ደምሴ ብቻ አልመጡም። ገበያም አልወጡም፣ ቤተ ክርስቲያንም አልታዩም። ድንበራቸው ላይ የሰው ፍየል ቆማ እያዩ ዝም አሉ ተባለ። የተመራሁት መሬት ዳገት ነው፣ ከአፈሩ ድንጋዩ ይበዛል፤ ግን የኔ ነው። ሼህ እንድሪስ ጥማድ በሬ አዋሱኝ፣ የሻረግ ከምን እንዳተረፈችው የማላውቀውን የገብስ ዘር ሰጠችኝ። መሬት አግኝቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አያ ደምሴን የገደልኳቸው ያህል ከፍቶኝ ነበር። ያሳደገኝን ሰው አፍ ዘጋሁ። እሳቸው ያለ አፋቸው ምን አላቸው?

አንድ ቀን ዕርፉን ይዤ ከበሬዎቹ ጋር ስጨቃጨቅ የማሳዬ ዳር መጥተው ቆሙ። እኔ ወደ አንድ በኩል፣ በሬዎቹ ወደ ሌላ በኩል ነበርን። ትልሙ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም።

«ጫማው» አሉ በመጨረሻ። «ከደረጃው ላይ የቀረው። መለሱልህ?»

«አልመለሱልኝም፣ አያ።»

«በካልሲ ሄድክ፣ እስከ የት?»

«እስከ መርካቶ።»

«ከሼሁ ጋር?»

«ከሦስቱም ጋር።»

ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ፊታቸው ቀላ። የሚቆጡ መሰለኝ፤ ተቆጡም።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «እኔ ያን ሁሉ ዓመት በየገበያው ወንበር ወንበር እያልኩ ስቀባጥር፣ ይህን አፍነህ ይዘህብኝ ነበር?»

«ያሳፍርዎታል ብዬ ነው።»

ማሳው ውስጥ ገብተው ዕርፉን ከእጄ ነጠቁኝ፣ ጅራፉንም ተቀበሉኝ፣ በሬዎቹን በስማቸው ጠሯቸው። ያን ዳገት እሳቸው አረሱት፤ እኔ ከኋላቸው ድንጋይ ለቀምኩ። ወደ ቤት ስንወርድ ስለ ወንበር አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በሚቀጥለው ገበያ እህል ተራው ጋ ሰው ከቧቸው አየሁ። ድምፃቸው ተመልሷል። እኔ በደረጃው በተወረወርኩበት ቀን ዘበኞቹ ስምንት ሆነው ነበር፤ ደረጃውም እንደ እሳቸው አባባል ከዚህ እስከ ማርያም ድረስ የሚደርስ ሆኗል። አንድ ሰውዬ ወደኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። ዘበኞቹ ሁለት ነበሩ። አያ ደምሴን አየኋቸው፤ ዓይናቸው ላይ እንባ አለ፣ አፋቸው ግን እየሳቀ ነው።

«ስምንት ነበሩ» አልኩት።